ዕድር ውስጥ ኢኮኖሚስት መሆን

በሥራ ቀን ደመወዝ የሚከፈለኝ የኢኮኖሚክስ ባለሙያ ነኝ። እሁድ እሁድ ደግሞ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ዕድራችን በሚሰበሰብበት ኮሚናል፣ ለጎረቤቶቼ በነፃ ሒሳብ እሠራለሁ። የሙያ ጓደኞቼ እንዴት እንደጀመርኩ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ልጻፈው።

ስልጠና ብዬ አልጠራሁም። ስልጠና ሲባል ሰው አበል ይጠብቃል። የተነሳሁት ዕድሩ ራሱ ከሚጨቃጨቅበት ጉዳይ ነው፦ ለሐዘንተኛ የሚሰጠው ገንዘብ ለምን አልበቃ አለ? አንዳንዱማ ገንዘብ ያዡን በጎሪጥ ማየት ጀምሮ ነበር።

ሰሌዳ ተውሼ ምሳሌ ጻፍኩ። 100 ብር ባንክ አስቀመጥን እንበል። ከጥቅምት 2010 ጀምሮ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ሆኗል፤ ስለዚህ በዓመቱ 107 ብር። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በ100 ብር የምንገዛው ዕቃ 130 ገባ ማለት ነው። ገንዘብ ያዡ ብድግ ብለው "ይኸው! እኔ አልበላሁትም!" ሲሉ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

አንዲት እናት ግን አልሳቁም። "ልጄ፣ ኑሮ መወደዱን አንተ አትነግረኝም። መላውን ንገረኝ" አሉ።

እውነታቸውን ነው። እኛ ኢኮኖሚስቶች ችግር ማብራራት ይጣፍጠናል።

ወርሃዊ መዋጮው ይጨመር የሚል ሐሳብ መጣ፤ ጡረተኞቹ "ከየት አምጥተን?" አሉ። አማራጮቹን በየተራ አሰላሁ፣ የመረጡት ግን እነሱ ናቸው። ባንክ ከተቀመጠው ከፊሉ ወጥቶ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ተገዛበት። ለአባል በነፃ፣ ለውጭ ሰው በኪራይ። እኔ የስብራቱን ወጪ ሳሰላ፣ የዕድሩ ዳኛ "ተከራይ መታወቂያ ያስይዝ" ብለው ግማሹን ጭንቀቴን አቃለሉልኝ። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እመክራለሁ፦ ፊርማም ቁልፍም አትያዙ። ሒሳብ የሚሠራና ገንዘብ የሚይዝ ሰው አንድ ከሆነ ጥያቄ ይነሳል፤ መነሳትም አለበት።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 አለፈ። "ዶላር አይተን አናውቅ፣ እኛን ምን አገባን?" የሚል ጥያቄ ጎረፈ። መልሱን በዶላር ተገዝቶ ከሚገባው ዘይት ዋጋ ጀመርን። የሰፈሩ ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ዋጋ እንዲመዘግቡ አደረግን፤ ሁልጊዜ ከዚያው ሱቅ፣ በዚያው መለኪያ። መለኪያው ላይ ድርቅ ያልኩት በምክንያት ነው። ጉሊት ላይ ሽንኩርት በመደብ ይሸጣል። የመደቡ ዋጋ ሳምንቱን ሙሉ አይነቃነቅም፤ የሚያንሰው መደቡ ነው። ልጆቹ ሚዛን ይዘው ሄዱና መደቡን እየገዙ መዘኑት። ዳቦም እንደዚያው።

ሠንጠረዡን አያይዘን፣ የእሁድ ገበያ በአቅራቢያችን እንዲከፈት ለወረዳው አመለከትን። ያነጋገሩን ኃላፊ ደብዳቤውን ገረፍ አድርገው አለፉት፤ ሠንጠረዡ ላይ ሲደርሱ ግን መነጽራቸውን አወጡ። ገበያው ገና አልተከፈተም፣ ሌላ ቀጠሮ ይዘናል።

አሁን ተከራዮቹ ተራችን ነው እያሉ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር መብለጥ የለበትም። ሰፈራችን ይህን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ለዚህኛው የሕግ ባለሙያ እየፈለግን ነው፤ እኔ አንቀጽ ሲበዛብኝ እንቅልፌ ይመጣል።