ጤነኛውም አልቀለመም

አለቃችን ዕድሜያቸውን የሰጡት ለአንድ ጥያቄ ነው፤ የካንሰር ሕዋስ አንድን ጂን ሳያጠፋው እንዴት እንዳይነበብ ያደርገዋል? በውጭ አገር ላቦራቶሪዎች ጥቁር ፀጉራቸውን ጨርሰው ሲመለሱም ይዘውት የመጡት ይህንኑ ነው። የምንሠራው ቱሉ ዲምቱ፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙ ሳይርቅ፣ ከሥሩ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ባለበት ፎቅ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ ብየዳው ጸጥ ይላል፤ የእኛ ጄኔሬተር ደግሞ ይጀምራል። እኔ የናሙና መዝገብ ያዥ ነኝ።

ነገሩ ስለ ኤስትሮጅን ተቀባይ ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ኤልዉድ ጄንሰን በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ያገኙት ይህ ፕሮቲን በኒውክሊየስ፣ ማለትም በሕዋሱ እምብርት፣ ውስጥ ሆኖ ሆርሞኑ ሲደርሰው ሌሎች ጂኖችን ያስነሣል። የጡት ካንሰሩ ይህ ተቀባይ ካለው፣ ታካሚዋ እንደ ታሞክሲፈን ያለ በአፍ የሚወሰድ ርካሽ መድኃኒት ለዓመታት ትወስዳለች። ከሌለው አይጠቅማትም ተብሎ አይታዘዝላትም። ኔጌቲቭ ብሎ መጻፍ ቀላል ነገር አይደለም።

ምርመራችን ተቀባዩ ያለበትን ኒውክሊየስ ቡናማ ያቀልማል፤ ካልቀለመ ኔጌቲቭ፣ ማለትም ተቀባይ የለም፣ ይባላል። ከአንድ ሆስፒታል የሚላኩልን ናሙናዎች በብዛት ኔጌቲቭ ሆኑ። የአለቃችን ዐይን በራ። ዲኤንኤው ላይ ሜቲል የሚባል ኬሚካል ሲለጠፍ ጂኑ እያለ ሳይነበብ ይቀራል፤ ተቀባዩ በሌላቸው የጡት ካንሰር ሕዋሳት ላይ ይህ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ታይቷል። እርሳቸውም በባይሰልፋይት መረመሩት፤ ይህ ጨው ሳይቶሲን ከተባለው የዲኤንኤ ፊደል ሜቲል የሌለበትን ይለውጣል፣ ያለበትን አይነካም። ውጤቱ ግን ያልተጠበቀ ሆነ፤ ሜቲል የለም፣ ጂኑ ክፍት ነው። ለማነጻጸሪያ የተመረመሩት ኤምሲኤፍ-7 እና ኤምዲኤ-ኤምቢ-231 የተባሉት የላቦራቶሪ የካንሰር ሕዋሳት ልክ እንደሚታወቀው፣ የፊተኛው ያለ ሜቲል የኋለኛው ከነሜቲሉ፣ ስለወጡ ኬሚካሉን መውቀስ አልተቻለም።

ክፍት ጂን፣ የሌለ ፕሮቲን! ለዚህ ሙያ ሰው ከዚህ በላይ ምን ሲሳይ አለ? የጂኑን መልእክት መንገድ ላይ የሚያግደው ማይክሮ አርኤንኤ ይሆን? ዲኤንኤው የሚጠቀለልበት ፕሮቲን፣ ሂስቶኑ ይሆን? ሰሌዳው በቀስት ተሞላ፤ ወጣቶቹ ተመራማሪዎች ምሳ ረሱ፤ እኔ ሽሮዬን ብቻዬን እበላ ጀመር።

ናሙናውን ሰም ውስጥ ቀብረው፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ አቅጥነው የሚቆርጡት እትዬ ናቸው። ሁላችንም የምንጠራቸው እንዲሁ ነው። በስብሰባ ላይ አይናገሩም፤ ማን ጠይቋቸው! አንድ ከሰዓት በኋላ ስላይድ ሊያስረክቡ ገብተው ሰሌዳውን ቆም ብለው አዩት።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጤነኛውም እኮ አልቀለመም» አሉ።

«የቱ ጤነኛ?»

«ከዕጢው አጠገብ ያለው የወተት ቱቦ። እሱ ካንሰር የለበትም፤ እዚህም እዚያም ቡናማ ኒውክሊየስ ሊታይበት ይገባ ነበር።»

አለቃችን ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሱ። ጤነኛ ቱቦ ያለበትን ስላይድ ሁሉ እየለቀሙ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ይኼ ከሰውነት የወጣው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» አሉኝ። ቅጹ የሚጠይቀው እኛ ዘንድ የደረሰበትን ቀን ብቻ ነበር። የሚያውቀው ሾፌሩ ሆኖ ተገኘ፤ ዓርብ የተቆረጠ ጡት ሳይሰነጠቅ፣ ሙሉውን፣ ሥጋን ከመበስበስ የሚጠብቀው ፎርማሊን በቅጡ ባልሸፈነው ባልዲ ውስጥ እስከ ሰኞ ይቆያል።

ፎርማሊን ሥጋን የሚዘልቀው በሰዓት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ዳር ዳሩ ሲደርቅ መሐሉ ይበሰብሳል። ዲኤንኤው ጠንካራ ስለሆነ ቻለው፤ ፕሮቲኑ አልቻለውም። ናሙናው ተሰንጥቆ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ፣ ከ6 እስከ 72 ሰዓት ይቆይ የሚል መመሪያ አለ፤ ሁላችንም በወረቀት እናውቀዋለን። እኔ ከዚያ ወዲህ የአፍሪካ ሴቶች ካንሰር ልዩ ባሕርይ አለው የሚል ጽሑፍ ባነበብሁ ቁጥር መጀመሪያ የምፈልገው የባልዲውን ታሪክ ነው። አንዳንዱ ይጽፈዋል፤ አንዳንዱ አይጽፈውም።

አለቃችን የሚቀጥለውን ሳምንት ያሳለፉት ስልክ ላይ ነው። የሆስፒታሉ ሰዎች በመጀመሪያ ተቆጡ፤ ሾፌራችንን ጭምር ወቀሱ። በኋላ ግን የታካሚዎቹን ስም ዝርዝር አወጡ። ከተገኙት ውስጥ ዕጢው ሌላ ቦታ የቀረባቸው ተጠርተው በመርፌ ቀጭን ናሙና ተወሰደላቸው፤ እንዲህ ያለውን ፎርማሊን ቶሎ ይዘልቀዋል። ከእነርሱ መካከል ቡናማ ሆነው የወጡ ነበሩ፤ መድኃኒት ጀመሩ። ያላገኘናቸውም አሉ፤ ስልካቸው አይሠራም ወይም ሠፈር ቀይረዋል።

በቅጹ ላይ ሁለት መስመር ተጨመረ፤ አንዱ ከሰውነት የወጣበት ሰዓት፣ ሌላው ፎርማሊን ውስጥ የገባበት። መስመሩ ባዶ ሆኖ ከመጣ እትዬ ምላጭ አያነሡም። አለቃችን አንድ ጊዜ አስቸኳይ ነው ብለው ሊለምኗቸው ሞክረው ነበር፤ እትዬ ግን መነጽራቸውን አውልቀው ስልኩን አቀበሏቸው።