ብርብራውን ያጠብኩበት ቦይ

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለ አንድ ችግኝ ጣቢያ ስሠራ ነው። ሰኔ ገብቷል። የዋንዛ ችግኞቻችን ለተከላ ሊወጡ ትንሽ ሳምንታት ቀርቷቸዋል። አንድ ጠዋት ስገባ ቅጠላቸው ወንፊት መስሏል። ገልበጥ አድርጌ ሳየው ትሉ ከሥር ተለጥፎ ይበላል። ዋንዛ ለከበሮ፣ ለሙቀጫ፣ ለቤት ዕቃ የሚፈለግ እንጨት ነው። በዚያ ዕድሜው ግን ትል ይጨርሰዋል።

የሱቅ መርዝ አልፈለግኩም። ችግኙን የሚያነሱት ሴቶች በባዶ እጃቸው ነው የሚሠሩት። የብርብራ ዛፍ ፍሬ ይሁን አልኩ። ፍሬውን ወቅጠን በበርሜል ውሃ ዘፍዝፈን አሳደርነው። በነጋታው በአሮጌ ነጠላ አጥልለን፣ ቅጠሉ ላይ እንዲይዝ ትንሽ ሳሙና ጨምረን፣ ፀሐይ በረድ ሲል ረጨነው።

ሲመሻሽ በርሜሉንና መርጫውን ከጣቢያው ሥር በሚያልፈው ቦይ አጠብኩ። ቦዩ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ከዛፍ የተገኘ ነገር ምን ያደርጋል ብዬ ነው።

ጠዋት ትሉ መሬት ላይ ረግፎ አገኘሁት። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ጥበቃችን ጋሼ ጠሩኝ። በታንኳ ዓሣ ሲያሰግሩ ያደጉ ሰው ናቸው። በዱላቸው ወደ ደንገሉ ጠቆሙኝ። ጣት የማያህሉ የዓሣ ጫጩቶች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። አንዱ ገና ነፍስ አለው። አፉን ከውሃው በላይ ይከፍታል፣ ይዘጋል። የሚተነፍስበት ስንጥቡ ይርገበገባል።

«ልጄ፣ ዕቃውን የት አጠብሽው?»

«ቦዩ ላይ፣ ጋሼ።»

«አዪዪ... ብርብራ እኮ ነው!»

ሌላ አልጨመሩም። እኔም አውቅ ነበር። ክረምት ላይ ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ሲወጣ፣ ሊይዙት ብርብራ ወቅጠው ውሃው ላይ የሚበትኑ አሉ። ያንን ሳወግዝ ኖሬያለሁ። ችግኝ ላይ ስረጨው ግን ያው ብርብራ መሆኑ ጭራሽ አልመጣልኝም። ፍሬው ውስጥ ሮቴኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ሰውነት በኦክስጅን ተጠቅሞ ጉልበት እንዳያመነጭ ያግዳል። ዓሣ ደግሞ በስንጥቡ በኩል በቀጥታ ወደ ደሙ ያስገባዋል። ኦክስጅን ያለበት ውሃ ውስጥ ሆኖ ይታፈናል ማለት ነው። ትሉን የገደለውም ይኸው ነው።

የዚያኑ ቀን ከቦዩ ርቀን ጉድጓድ ቆፈርን። እጣቢው እዚያ ይደፋል እንጂ ውሃ አጠገብ አይደርስም። ሮቴኖን ፀሐይና ሙቀት ሲያገኘው ቶሎ ስለሚፈርስ፣ ጉድጓዱን ጥላ በሌለበት አደረግነው። ለብርብራ የሚሆን የራሱ ሙቀጫ መደብን፤ ዱቄቱ ለሳንባም መጥፎ ስለሆነ የሚወቅጠው ሰው አፍና አፍንጫውን ይሸፍናል። ትሉ ገና ሲጀምር ከደረስንበት ደግሞ ከቆላ ያስመጣነውን የኒም ፍሬ እናስቀድማለን። ኒም ወዲያው አይገድልም። ትሉ መብላቱን ይተዋል፣ ቆዳውን ቀይሮ ማደግ ያቅተዋል። ትዕግሥት ይጠይቃል።

ዋንዛዎቹ ሐምሌ ላይ ወጡ። መርጫ በታጠበ ቁጥር ጋሼ ዱላቸውን ይዘው ቦዩን እስከ ደንገሉ ድረስ ያዩታል። እኔም አብሬያቸው እወርዳለሁ።