ጎን ለጎን ስንሰፋ

ዛሬ በስፌት ማኅበራችን ሙያውን የሚያሳዩን እማማ የልጃቸውን ነገር አማከሩኝ። «ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ፣ ጠቅልለሽ እኔ ጋ ነይ» እያለች አላስቀምጥ ብላቸዋለች። እሳቸው ደግሞ ሰፈሩንም ዕድሩንም ጥሎ መሄድ አልሆንላቸው ብሏል። ዓይናቸውን ከሚሰፉት ሙዳይ ሳያነሡ «አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» አሉኝ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት እኔን! እኔ ብሆን ቅዳሜና እሑድን ልጄ ጋ አድሬ የቀረውን እዚሁ እሆን ነበር አልኳቸው። ዝም ብለው አሰቡበት።

ሌላ ቦታ ቢሆን ይህ ወሬ አይነሣም። ለቅሶ ቤት ወይም ክርስትና ላይ ባገኛቸው ብድግ ብዬ እቀበላቸዋለሁ፣ ጤና እንጠያየቃለን፣ በቃ። የማኅበሩ ቤት ውስጥ ግን ጎን ለጎን ነን፤ ሁላችንም የምናየው የያዝነውን ስፌት ነው። ፊት ለፊት ቢሆን ይሉኝታ የሚይዘው ነገር ያኔ ቀስ ብሎ ይወጣል።

ሙያውንም የያዝኩት በዚሁ አቀማመጥ ነው። አክርማ፣ ማለትም የምንሰፋበት ሣር፣ ሳይነከር አይሰፋበትም፤ ደረቁ ይሰበራል። ምን ያህል ሰዓት ይነከር ብዬ ብጠይቃቸው በሰዓት አይነግሩኝም። አንዷን መዝዘው ጣታቸው ላይ ይጠመጥሟትና «ይኸው፣ እሺ ብላለች» ብለው ያቀብሉኛል። እኔም ጣቴ ላይ እጠመጥማታለሁ። አክርማው በሚጠመጠምበት ሣር፣ በስንደዶው ላይ ምን ያህል አጥብቄ መሳብ እንዳለብኝም ያሳዩኝ እጄን በእጃቸው ይዘው አብረን ስበን ነው። ይህን ከቪዲዮ የሚያገኘው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሐረር ውስጥም ልጃገረዶች አንዲት ባለሙያ ሴት ቤት ተሰባስበው ስፌት የሚማሩበት የቆየ ልማድ ነበር። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ሰው ሄዶ ግንቡን ያደንቃል። እኔ ግን በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተደረደሩትን ስፌቶች ሳይ የማስበው አብረው የተቀመጡትን ሴቶች ነው።

አንድ ነገር ከንክኖኛል። ማኅበራችን ክፍያ የሚያስበው በተሸጠ መሶብና ሙዳይ ነው። እማማ እኛን ሲያሳዩ በዋሉ ቁጥር የራሳቸው ሥራ ይቆማል፣ ገቢያቸውም ይቀንሳል። ይህ ልክ አይደለም። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ የሚያስተምሩበት ቀን እንዲታሰብላቸው እጠይቃለሁ፤ አብራን የምትሰፋው የአሥረኛ ክፍል ተማሪም እናገራለሁ ብላለች። ለእሳቸው አልነገርንም፤ ከሰሙ «ተዉ፣ ነውር ነው» ብለው ያስቆሙናል።