ውሻው በደጃፋችን ሲጸዳዳ ጎረቤትን እንዴት እናናግር?

የጎረቤት ውሻ ደጃፍ ላይ ተጸዳድቶ ሲሄድና ባለቤቱ አይቶ እንዳላየ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚሰማን ስሜት ከመጸየፍ ይበልጣል፤ የመናቅ ስሜት ነው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው በሩ ላይ የቀረውን ቆሻሻ ሲያይ ስለ ክብሩ ማሰብ ቢጀምር አያስገርምም። ጠቡም ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከዚሁ ነው። በዚህ ጉዳይ ከተለያዩ ጎረቤቶቼ ጋር ስነጋገር ቆይቻለሁ፤ ከአብዛኞቹ ጋር ተግባብተናል፣ ከአንዱ ጋር ግን እስከ ዛሬ አልተግባባንም። ከዚህ ሁሉ ንግግር በኋላ አጥብቄ የማምነው፣ ነገሩን ከክብር ጥያቄ አውጥተን የጤና ጥያቄ ስናደርገው፣ ይህንንም ሳይውል ሳያድር ፊት ለፊትና በአክብሮት ስንናገር አብዛኛው ሰው እንደሚሰማ ነው።

ስለ ጤናው ትንሽ ሰፋ አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው የውሻን ዓይነ ምድር ከከብት ፍግ ለይቶ ስለማያይ «ትንሽ ቆይቶ አፈር ይሆናል» ብሎ ይተወዋል። ሣር ስትግጥ የምትውል ላም የምትጥለውና ሥጋ የሚበላ ውሻ የሚጥለው ግን አንድ አይደሉም። የውሻ ዓይነ ምድር ናይትሮጅን ስለሚበዛበት ያረፈበትን ሣር ያቃጥላል እንጂ አያለመልመውም። በጓሮ የሚዘጋጅ ብስባሽም ብዙውን ጊዜ በውስጡ ያሉትን የጥገኛ ትሎች እንቁላሎች ለመግደል የሚበቃ ሙቀት ስለማያገኝ፣ አትክልት በሚተከልበት መሬት አጠገብ መቅበሩ ችግሩን ወደ መሬት ውስጥ ከማዛወር አያልፍም።

ከሁሉም የበለጠ የሚያሳስበኝ ቶክሶካራ ካኒስ የሚባለው የውሻ ወስፋት ነው። አንዲት ሴት ትል በቀን እስከ 200,000 የሚደርሱ እንቁላሎች ልትጥል ትችላለች። ቡችሎች ገና በእናታቸው ማህፀን ሳሉ፣ ከተወለዱም በኋላ በወተቷ አማካይነት ስለሚያዙ፣ ልጆች አቅፈው የማይጠግቧቸው እነዚያ ትንንሽ ውሾች እንቁላሉን በብዛት የሚያሰራጩት ናቸው። እንቁላሉ ከውሻው ሆድ እንደወጣ ወዲያው ሰውን አይዝም፤ በውስጡ እጭ እስኪያድግ ድረስ እንደ አካባቢው ሙቀትና እርጥበት አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት አፈር ላይ መቆየት ይኖርበታል። ከዚያ በኋላ ግን ለወራት፣ አመቺ ሁኔታ ካገኘም ለዓመታት ሳይሞት ይኖራል፤ በዓይን የሚታየው ቆሻሻ በዝናብ ታጥቦ ከጠፋ በኋላ እንኳ እንቁላሉ አፈሩ ውስጥ ነው። ሕፃን ልጅ አፈር የነካ እጁን ወደ አፉ ሲወስድ አብሮ ይውጠዋል፤ እጩም ከአንጀት ወጥቶ ወደ ጉበትና ወደ ሳንባ፣ አልፎ አልፎም ወደ ዓይን ይጓዛል። ከተያዙት ሰዎች ብዙዎቹ ምንም ምልክት ባይታይባቸውም፣ እጩ ዓይኑ ውስጥ የገባበት ልጅ የዚያን ዓይን ብርሃን እስከ ማጣት ሊደርስ ይችላል።

እንግዲህ ለጎረቤቶቼ ሁሉ ደጋግሜ የምነግራቸው ያንን የመጀመሪያውን የ2 ሳምንት ጊዜ ነው። ዕለቱን የተነሳ ዓይነ ምድር በዚህ ትል በኩል ጉዳት የሚያደርስበትን ጊዜ ሳያገኝ ይወገዳል፤ «ነገ አነሳዋለሁ» እየተባለ የተረሳው ግን በዝናብና በእግር ተበትኖ ከአፈሩ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ በምንም መጥረጊያ አይመለስም። ይህንን ሳስረዳ ፊታቸው የሚለወጥ ሰዎች አይቻለሁ፤ ከዚያ በፊት የተነገራቸው ስለ ሽታና ስለ ጨዋነት ብቻ ነበር።

የመንጠቆ ትል እጭም አለ፤ እርሱ መዋጥ ሳያስፈልገው በባዶ እግር የረገጠውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባና ከቆዳው ሥር ጠመዝማዛ መስመር እየሠራ ክፉኛ ያሳክካል። ውሻ የሚያሳድጉ ሰዎች ደግሞ ለራሳቸው ውሾች ሲሉ ሊያስቡበት የሚገባው ፓርቮ ቫይረስ ነው። ይህ ቫይረስ በታመመ ውሻ ዓይነ ምድር ይወጣል፤ ጥላ በሆነና በረጠበ አፈር ውስጥ ለብዙ ወራት ይቆያል፤ ክትባት ያላገኘችን ቡችላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። በተበከለ ጫማ ተይዞ ቤት ድረስ ሊገባ ስለሚችል ከግቢ የማትወጣ ቡችላ እንኳ አታመልጠውም።

አንድ ጊዜ የልጄ ኳስ ከበራችን ፊት ወዳለው ሣር ተንከባለለችና ልጄ ሮጦ ሲያነሳት አንዱ እግሩ ቆሻሻው ውስጥ ገባ። የጫማው ሶል ሽንትሮች ጠባቦች ስለነበሩ እያንዳንዱን በቀጭን እንጨት እየጫርሁ፣ ከዚያም በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና እየፈተግሁ ሳጸዳ፣ እርሱ ኳሷን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አስጠግቶ ይዞ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ኳሷም ነክታው እንደነበር ያየሁት በኋላ ነው፤ ሸሚዙ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ነበረበት። ቀጥሎ ያደረግሁት ጎረቤቴን ማናገር ነበር።

ውሻው የአንድ አዛውንት ጎረቤታችን ነው። በማግስቱ ማለዳ ከበራቸው ሲወጡ ጠብቄ ሰላምታ ሰጠሁና፣ «አባባ፣ ትናንት ልጄ ሣሩ ላይ ሲጫወት የውሻዎን ቆሻሻ ረግጦ እጁና ልብሱ ሁሉ ተነካካበት፤ ለልጅ ጤና ደግሞ አደገኛ ነው፤ ሲወጡ ፌስታል ይዘው ቢያነሱልን ደስ ይለኛል» አልኋቸው። እሳቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ውሻቸውን አዩት። ከዚያም፣ «ልጄ፣ እኔም ትቼው ስሄድ ደስ እያለኝ አይደለም፤ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ካጎነበስሁ ቀና ማለት አልችልም፤ ለሰው መንገር ደግሞ አፈርሁ» አሉኝ። ይህንን መልስ ፈጽሞ አልጠበቅሁትም። ረጅም እጀታ ያለው፣ ሳያጎነብሱ የሚያነሱበት መሣሪያ እንዳለ ነግሬያቸው የልጅ ልጃቸው ገዛላቸው፤ እግራቸው በሚብስባቸው ቀን ደግሞ እርሱ ራሱ ውሻውን ይዞ ይወጣል። በእኒህ ሰው ላይ ንቀት አልነበረም፤ ሕመምና እፍረት ነበር። ማንም ሳይጠይቃቸው ቢቀር ኖሮ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንደ ባለጌ ይቆጥራቸው ነበር።

ከዚህ የተነሳ የማምንበት የአነጋገር ሥርዓት አለኝ። መናገር ያለብን በዓይናችን ያየነውን፣ የት ቦታና መቼ እንደሆነ ጠቅሰን ነው፤ «ሁልጊዜ እናንተ እንዲህ ናችሁ» ብሎ የጀመረ ሰው ስለ ቆሻሻው ሳይሆን ስለ ጎረቤቱ ጠባይ ክርክር ከፍቷል፤ ያንን ክርክር ማንም አያሸንፈውም። ሰው ባለበት፣ በተለይም ልጆቹ ወይም እንግዶቹ ፊት ማናገርም ጨዋውን ሰው ሳይቀር ወደ ክህደት ይገፋዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ቂም ከያዝን በኋላ የምንናገረው ቃል ምንም ያህል ቢለዝብ ድምፃችን ያጋልጠናል።

ከምሰማቸው ምክንያቶች የሚበዙት «አላየሁትም» እና «ፌስታል አልያዝሁም» የሚሉት ናቸው። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የውሻ ቆሻሻ ሕግ፣ በኋላ በሌሎች ደንቦች ቢተካም፣ እነዚህን ሁለት ምክንያቶች ለይቶ አስቀምጦ አንዳቸውም በቂ ምክንያት እንደማይሆኑ ደንግጎ ነበር፤ የተመዘገቡ ዓይነ ስውራንን ግን ከግዴታው ነፃ አድርጓል። ይህ አከፋፈል ፍትሐዊ ይመስለኛል። ውሻ ይዞ የወጣ ሰው ማየትም ፌስታል መያዝም የሥራው አካል ነው፤ በእውነት የማይችለውን ሰው ግን ማገዝ እንጂ መውቀስ አይገባም። በኒው ዮርክ ከተማም ባለቤቶች ከውሾቻቸው በኋላ እንዲያነሱ የሚያስገድደው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1978 ሥራ ላይ ሲውል ከውሻ ባለቤቶች ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት ነበር፤ ዛሬ ግን ፌስታል ይዞ መውጣት በብዙ የዓለም ከተሞች እንደ ተራ ነገር ይታያል። ልማድ ሊለወጥ እንደሚችል ይህ ያሳያል፤ የሚለወጠው ግን አንድ ሰው ደፍሮ ሲጠይቅ ነው።

ንዴት ሲበረታ የሚደረጉ ነገሮችን በተመለከተ ግን በግልጽ መናገር አለብኝ። ቆሻሻውን አንስቶ በባለቤቱ በር ላይ መጣል ለጊዜው ልብ ያርሳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁለታችንም ጥፋተኞች ስለሆንን ማንም ሽማግሌ ሊያስታርቀን ሲመጣ ከእኛ ወገን የሚናገረው አያገኝም። ስም የሌለው ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ መለጠፍም አልወደውም፤ ጥፋት የሌለባቸው ሁሉ እንደተጠረጠሩ ሲሰማቸው ጥፋተኛው ግን «ለእኔ አይደለም» ብሎ ያልፈዋል። የጎረቤትን ፎቶ በማኅበራዊ ሚዲያ መለጠፍ ደግሞ የአንድን ቀን ጥፋት የዕድሜ ልክ ውርደት ያደርገዋል። ከሁሉም የከፋው መርዝ ነው። መርዝ የተቀላቀለበት ምግብ ሣር ላይ የጣለ ሰው ከመጀመሪያውኑ ልንጠብቃቸው የተነሳንላቸውን ልጆች ለሞት ያጋልጣል፤ ድመቷም ወፏም ያገኙታል፤ ውሻውም ቢሆን ተጸዳዳ እንጂ ምንም አልበደለም። ይህንን «ቢሆንስ» ብሎ የሚያወራ ሰው ስሰማ ዝም ማለት አልችልም።

ለባለቤቶችም አንድ ነገር ልጨምር። ቆሻሻውን በፌስታል ቋጥሮ አጥር ላይ ማንጠልጠል ወይም ከዛፍ ሥር ማስቀመጥ ማንሳት አይባልም። ሣር ላይ የቀረው ቆሻሻ ውሎ አድሮ ይፈርሳል፤ በፌስታል የታሰረው ግን ፌስታሉ እስኪቀደድ ይቆይና ፕላስቲኩንም ጨምሮ ይተውልናል። ተቋጥሮ ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ መግባት አለበት፤ ማጠራቀሚያው ሩቅ ከሆነ እስኪደረስ ድረስ ይዞ መሄድ ግድ ነው። ውሻውን በእንስሳት ሐኪም ምክር መሠረት በየጊዜው የትል መድኃኒት መስጠትም ጎረቤትን ማክበር ነው፤ ያልታየችና ሳትነሳ የቀረች ብትኖር እንኳ ጉዳቷ ያነሰ ይሆናል።

በጣም የሚከብደው ውሻውን ይዞ የማይወጣ፣ በሩን ከፍቶ ብቻውን የሚለቅ ጎረቤት ነው። እስከ ዛሬ ያልተግባባሁትም ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጋር ነው። ባናገርሁት ቁጥር «የእኔ ውሻ መሆኑን በምን አወቅሽ?» ይለኛል፤ ውሻው ሲጸዳዳ እርሱ ቤቱ ውስጥ ስለሆነ በራሱ ዓይን ያየው ነገር የለም። በአንዳንድ አገሮች ያሉ የመኖሪያ ሕንፃዎች የነዋሪዎችን ውሾች ዲኤንኤ አስቀድመው በመመዝገብ የተገኘውን ቆሻሻ ከባለቤቱ ጋር ያገናኛሉ፤ እኛ ግን እዚያ አልደረስንም፤ እንድንደርስም አልመኝም። እኔ ያደረግሁት ውሻው ብቻውን የሚወጣበትን ሰዓትና ቆሻሻው የተገኘበትን ቦታ በማስታወሻ ደብተር መዝግቦ መያዝ ነው። ሌሎች ሁለት ጎረቤቶችም ያዩትን ጨምረውበት፣ ማንንም የሚሳደብ ቃል የሌለበት ደብዳቤ ለነዋሪዎች ኮሚቴ አስገብተናል። ደብዳቤው ከመግባቱ በፊት አንዱን ቅጂ በእጁ ሰጠሁት፤ ከኮሚቴው አፍ ሲሰማው «ከጀርባዬ ከሰሱኝ» እንዲል አልፈለግሁም። ጠቅላላውን አንብቦ «እሺ፣ አየሁት» ብሎ ገባ።

በደብዳቤው የጠየቅነው ሁለት ነገር ነው፤ ውሻው ያለ ማሰሪያና ያለ ሰው ከግቢ እንዳይወጣ፣ በሣሩ ጫፍም ክዳን ያለው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ እንዲቀመጥ። ሁለተኛው እርሱንም ሌሎቻችንንም ስለሚጠቅም ቀድሞ ይፈቀዳል ብዬ እገምታለሁ። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ልጆቹ ሊጫወቱ ከመውጣታቸው በፊት ጓንት አድርጌ ሣሩን ማለዳ ማለዳ እዞረዋለሁ።