ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለው አናጺ

ዛሬ ደብሮኛል። ምክንያት የለውም። ጅማ ዝናብ አዲስ ነገር አይደለም፣ መብራት መጥፋቱም አዲስ አይደለም፣ እንዲያው ዝም ብሎ ደብሮኛል። መ. ደውላ «ያቺ ታሪክሽ የት ደረሰች?» አለችኝ። የት ትደርሳለች? እዚያው ጭንቅላቴ ውስጥ ደልቷት ተቀምጣለች።

የአናጺው ናት፣ ታውቋታላችሁ። አባ ጅፋር በጣም ረጅም ነበሩ ሲባል ያልሰማ የጅማ ልጅ የለም፤ ከሁለት ሜትር ያልፉ ነበር ይባላል። እኔ ጅሬን ወጥቼ ቤተ መንግሥቱን ባየሁ ቁጥር የሚያሳስበኝ ግን አልጋ የሠራላቸው ሰው ነው። ዋንዛውን አስቆርጦ፣ ልጎ፣ ገጣጥሞ፣ አሸክሞ ኮረብታውን ይወጣል። አልጋው ያጥራል። በቃ፣ ይቺው ናት። (ፈጠራ ናት፣ የታሪክ ሰዎች እንዳትቆጡኝ።)

ፈረንጅ አራዳ ቡና ስንጠጣ ለመ. አውርቼላት በሳቅ ሞታለች። ለእህቴ አውርቻለሁ። የማላውቀው የባጃጅ ሹፌር ሳይቀር ሰምቷታል። ባወራኋት ቁጥር ትወፍራለች፤ አንዴ ሚስት ትጨመርበታለች፣ አንዴ ነገረኛ ጎረቤት። አልጋው ያጠረበት ላይ ስደርስ እግሬን ከወንበሩ አሳልፌ እዘረጋለሁ፣ ሰው ይስቃል፣ እኔም ጠግቤ ወደ ቤቴ እገባለሁ። ወረቀት ላይ የምዘረጋው እግር ከየት ላምጣ?

ዛሬ ግን ሻማ ለኩሼ ጀመርኩ። «አናጺው መለኪያውን ይዞ ገባ» ብዬ ጻፍኩና ቆምኩ። የምን መለኪያ? ሳወራው ይሄን የጠየቀኝ ሰው የለም። ሜትር ይዞ አይገባም መቼም። ክንድ ነው እንግዲህ፣ ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ። እሺ፣ የማን ክንድ? የአናጺው ነዋ። እንዲህ ባልኩበት ቅጽበት ሰውዬው አጭር ሆነ! ይሄን ሁሉ ጊዜ ጭንቅላቴ ውስጥ ሲመላለስ ቁመት አልነበረውም ማለት ነው። ፊትም አልነበረው ይሆናል፣ ልብ አላልኩም።

ቀጥሎ አንድ ነገር ጠረጠርኩ። ሻማውን ይዤ መሬት ላይ ተጋደምኩና በራሴ ክንድ ራሴን ለካሁ፤ አራት ነገር መጣ። የእህቴን ልጅ በራሱ ክንድ ለካሁት (እየተንፈራገጠ ነው፣ ልኬቱን አልምልበትም)፤ እሱም ወደ አራት። ሰው ሁሉ በገዛ ክንዱ ሲለካ እኩል ነው! ንጉሡ ሁለት ሜትር ቢሆኑም በክንዳቸው ያው አራት ናቸው። እንግዲያው አንዱ የግቢ አሽከር በንጉሡ ክንድ ለክቶ «አራት ክንድ ከምናምን» ብሎ ይልካል፣ ያ አጭሩ አናጺ በራሱ ክንድ አራት ከምናምን ይቆርጣል። ማንም አልተሳሳተም፣ አልጋው ግን አጠረ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ደግሞስ ለምን ቀድሞ አልገባውም? በርጩማ ጠራቢ ስለነበረ! ከአንድ ግንድ ሦስት እግር አውጥቶ በርጩማ የሚጠርብ ሰው ማንንም ለክቶ አያውቅም፤ ለመቀመጫ ረጅም ምን፣ አጭር ምን። አየሁት፣ እጁን ሳይቀር አየሁት። መሃል ላይ ሌላም ሐሳብ መጣብኝ፦ አባ ጅፋር በ1878 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ሲነግሡ ገና ወጣት ነበሩ፤ አልጋው ያኔ ልክ ሆኖ ኋላ እሳቸው ቢያድጉስ? ተውኩት። እሱ የአናጺው ታሪክ አይሆንም፣ የዕድሜ ነው።

እንደተጋደምኩ እናቴ ገባች።

«ምን ሆነሽ ነው መሬት ላይ?»

ምን ላድርግ፣ አወራኋት። ክንዱን፣ አሽከሩን፣ በርጩማውን፣ ሁሉንም። እግሬንም ዘረጋሁ። እማዬ አልሳቀችም። የሻማውን ጠብታ በጥፍሯ እየፋቀች ትንሽ አሰበችና፣

«አጥፈው አይተኙም እንዴ?» አለች።

«ምኑን?»

«እግራቸውን ነዋ። አባትሽ በዚያ ቁመቱ ስንት ዘመን የተኛው እንዴት ይመስልሻል? ሰው እንደ ሬሳ ተዘርግቶ ይተኛል?»

ብላኝ ወጣች። ወረቀቱ ላይ ያለችው ያቺው አንድ መስመር ናት፣ አናጺው መለኪያ ይዞ እንደገባ ቆሟል። አሁን ይሄን ሰውዬ ምን ላድርገው? ንጉሡን በግድ በጀርባቸው ላስተኛቸው?