ትዝታን በአንድ ድምፅና በአንድ ክራር፦ የ10 ሳምንት ማስታወሻ

ከፋሲካ በኋላ ነው የጀመርኩት። አብሮ አደጌ ለትምህርት ልትሄድ ነው። ሽኝቷ ሐምሌ ላይ እንደሆነ ስትነግረኝ፣ አንድ ዘፈን ለብቻዬ ልዘፍንላት ቃል ገባሁ። የመረጥኩት ሁለታችንም ስንሰማው ያደግነውን የድሮ ትዝታ ነው። ወንድ ነው የዘፈነው። ከኋላው ሙሉ ባንድ አለ። ሁለት ስንኝ በተባለ ቁጥር ሳክስፎኑ ይመልስለታል።

እኔ ያለኝ ግን ድምፄና አንድ ባለ 5 ክር ክራር ነው። ስለዚህ ይህ ማስታወሻ በአብዛኛው ባንዱ ይሠራው የነበረውን ሥራ ማን ይሥራው ስለሚለው ነገር ነው። ብቻችሁን ከቨር፣ ማለትም የሌላ ሰው ዘፈን በራሳችሁ ድምፅ፣ ለመሥራት ለምታስቡ ይጠቅም ይሆናል።

የመጀመሪያውን ሳምንት የጨረሰው የድምፅ ከፍታ ጉዳይ ነው። ዘፈኑ የተቀረጸው በዲ ትዝታ ማይነር ነው፤ ትዝታ ማይነር ከትዝታ ቅኝት ዓይነቶች አንዱ ነው፣ ዲ ደግሞ መነሻ ኖታው። ዝቅተኛው ኖታ ታችኛው ኤ፣ ከፍተኛው ላይኛው ኢ ነው። በእሱ ከፍታ ልዝፈነው ብል ታችኛው ጨርሶ አይወጣልኝም። አንድ ኦክታቭ (ያው ኖታ እንደገና እስኪመጣ ድረስ) ከፍ አድርጌ ስሞክረው ደግሞ አዝማቹ ላይ ጩኸት ሆነ። ትዝታ ደግሞ ቢጮህበት አያምርም። በስልኬ እየቀዳሁ ከኖታ ወደ ኖታ በትንሿ እርምጃ፣ ግማሽ ድምፅ፣ ግማሽ ድምፅ እያልኩ ወረድኩ። ሦስተኛው ላይ፣ ማለትም ቢ ላይ፣ ታችኛውም ላይኛውም ሳልጨነቅ ወጣልኝ። አንድ ነገር ልምከራችሁ። የምትፈትሹት በጠዋት ድምፃችሁ ብቻ አይሁን። ማታ ነው የምትዘፍኑት፤ ማታም ፈትሹት።

ክራር ደግሞ እዚህ ላይ ደግ መሣሪያ ነው። ኪቦርድ ቢሆን ጣቶቼ አዲስ ቦታ መልመድ ነበረባቸው። ክራርን ግን ወደ ድምፅህ ታመጣዋለህ። ቀንበሩ ላይ ክሩ የተጠመጠመበትን ጨርቅ ይዤ ትንሽ አዞርኩ፣ ክሩን ነካሁ፣ አንጎራጎርኩ፣ እንደገና አዞርኩ። አምስቱንም ከድምፄ ጋር እስካስማማ 20 ደቂቃ ያህል ፈጀብኝ። አሁን 5 ደቂቃ አይሞላም።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠመኝ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ጣና ዳር እወርዳለሁ። ነፋሱ ሳይነሳ፣ ውሃው ሳይናወጥ፣ የደንገል ታንኳዎች ገና ሲወጡ ነው የምለማመደው። ስልኬን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ያለ ክራር በባዶ ድምፅ ዘፈንኩና ቀዳሁት። ቤት ሄጄ ስሰማው ትዝታ አይደለም። ሌላኛው ቅኝት፣ አምባሰል ነው! ኖታዎቹን አንድ በአንድ በክራሩ አመሳከርኩ። አንድም የተሳሳተ ኖታ የለም።

ጎረቤታችን ዕድሜ ልካቸውን ክራር የደረደሩ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ቅጂውን አሰማኋቸው።

«ልጄ፣ የት ነው ቤትሽ?» አሉኝ።

አልገባኝም። ክራሩን ተቀብለው የቢውን ክር አንዴ መቱት። «ቤትሽ ይሄ ነበር። አንቺ ግን እያንዳንዱን ስንኝ እዚህ ነው የምታሳርፊው» ብለው የኤፍ ሻርፑን ክር መቱልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቢ የተቃኘ ትዝታ ማይነር ኖታዎቹ ቢ፣ ሲ ሻርፕ፣ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ እና ጂ ናቸው። እነዚህኑ አምስት ኖታዎች ከኤፍ ሻርፕ ጀምራችሁ ብትቆጥሯቸው አምባሰል ይሆናሉ። ልዩነቱ መነሻና ማረፊያው ላይ ነው፤ ጋሼ «ቤት» ያሉት እሱን ነው። በባንዱ ሥራ ቤዝ ጊታሩ መነሻውን እየደጋገመ ይይዝለታል። ዘፋኙ አምስተኛው ኖታ ላይ ቢያርፍም የሰሚው ጆሮ ቤቱን አይረሳም። እኔ ጋ ቤዝ የለም። ሦስት አራት ስንኝ ኤፍ ሻርፕ ላይ ሳሳርፍ የሰሚው ጆሮ አዲስ ቤት ሠርቶልኝ ቁጭ አለ።

መፍትሔው ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ከእያንዳንዱ ስንኝ በፊት የቢውን ክር በአውራ ጣቴ አንዴ እመታለሁ። ሁለተኛ፣ ከሁለት ስንኝ አንዱን የግድ ቢ ላይ አሳርፋለሁ፤ ለዚህ ስል የዜማውን ጅራት በትንሹ ቀየርኩት። ሌላ ምንም አልደረደርኩም። መጀመሪያ ላይ በምት መትቼ፣ የማልፈልጋቸውን ክሮች በግራ እጄ ጣቶች እያፈንኩ ሞክሬ ነበር። ለጭፈራ ጥሩ ነው። ለዚህ ዘፈን ግን ግጥሙን ሸፈነብኝ። በጣት ብቻ መንካት ይሻላል።

ስለ ግጥሙ ትንሽ ልዘርዝር፤ ከሁሉም በላይ ያለፋኝ እሱ ነው። ዘፋኙ «አንቺ» ይላል። እኔ ግን ሴት ነኝና «አንተ» ማለት ፈለግሁ። ቀላል መስሎኝ ነበር። ሁለቱም ስንኞች በ«ሽ» የሚያልቁ ከሆነ ሁለቱንም ወደ «ህ» መመለስ ነው፤ ቤት መምታቱ አይቀርም። ችግሩ አንደኛው ብቻ ሲለወጥ ነው። ለምሳሌ አንዱ ስንኝ በ«እንዳሻሽ» ቢያልቅና ሌላው በ«አመሻሽ» ቢያልቅ ምን ታደርጋላችሁ? «እንዳሻህ» ስትሉ ቤት መምታቱ ይቀራል። «አመሻሽ» ደግሞ ጊዜ ነው፤ ጾታ የለውም። እንዲህ ያለ ነገር አንድ ቦታ ላይ ገጠመኝ። አራት ቀን ታገልኩት። በመጨረሻ ሁለቱን ስንኞች አውጥቼ በራሴ ተካኋቸው። በትዝታ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ትዝታ ከጥንትም ዘፋኙ የራሱን ስንኝ እየጨመረ የሚዘፍነው ነው።

የጻፍኩት ይህን ነው፦

የጣና ነፋሱ ታንኳውን ሲገፋው፣
ያንተስ ትዝታ ነው ልቤን የሚያጠፋው።

የወል ቤት የሚባለው የግጥም ዓይነት ነው። ስድስት ስድስት ቀለም (ክፍለ ቃል)፣ መሐሉ ላይ ትንፋሽ። በአፋችሁ ስትቆጥሩት «ትዝታ» ላይ «ዝ» ጠብቃ ስለምትነበብ ሦስት ቀለም ትሆናለች። በጽሑፍ አይታይም፤ ሲዘፈን ግን ይሰማል።

በነገራችን ላይ፣ ይህን ያደረግኩት ለጓደኛ ሽኝት ነው። የሌላ ሰው ዘፈን ላይ ግጥም ቀይሮ ለሕዝብ መልቀቅ ሌላ ጉዳይ ነው። የቅጂ መብት አዋጅ አለን፤ ቁጥር 410/1996። ለመልቀቅ ካሰባችሁ ባለመብቱን አስፈቅዱ።

ፍጥነቱን ምት በሚቆጥረው መሣሪያ፣ በሜትሮኖም አስተካከልኩ። መጀመሪያ በደቂቃ 52 ምት አድርጌው ነበር፤ ቀስ ባለ ቁጥር የሚያሳዝን መስሎኝ። ትንፋሼ አልበቃኝም። ስንኙን መሐል ላይ እየቆረጥኩ ትርጉሙን አበላሸሁት። 66 ላይ ተደላደለ።

ቅላጼውን በተመለከተ፣ አምስተኛው ሳምንት ላይ የዘፋኙን ጉሮሮ አንድም ሳላስቀር አጠናሁት። የት እንደሚያንቀጠቅጥ፣ የት ኖታውን ከታች ስቦ እንደሚያመጣው፣ ሁሉንም። ቀድቼ ስሰማው ሌላ ሰው ለብሼ የቆምኩ መሰለኝ። ደስ አላለኝም። ስለዚህ ሁሉንም አወጣሁትና ለአንድ ሳምንት ልክ እንደ ንግግር ደረቁን ዘፈንኩት። ከዚያ በራሳቸው ጊዜ የተመለሱት ሦስት ቦታ ላይ ብቻ ናቸው። አንደኛው «ልቤን» የሚለው ቃል ላይ ነው። እነሱን ተውኳቸው።

የቀረው የሳክስፎኑ ቦታ ነው። ከሁለት ስንኝ በኋላ 8 ምት ባዶ ይቀራል። መጀመሪያ የሳክስፎኑን ዜማ በ«እም» አንጎራጎርኩት፤ ደከመኝ፣ ቀጣዩ ስንኝ ላይ ትንፋሽ አጣሁ። በክራሩ ልመልሰው ሞከርኩ። ዜማው ሰፊ ነው፣ አምስት ክር አይበቃውም። ከዚያ ባዶውን ወደ 4 ምት አሳጠርኩት። ጋሼ ይህንን ሲሰሙ እጃቸውን አነሱ።

«እዚህ ጋ ለምን ቸኮልሽ?»

«የሚጫወት ስለሌለ ነው፣ ጋሼ።»

«ሰውየው የተናገርሽውን ገና እየሰማ እኮ ነው። ቆዪለት።»

8ቱንም ምት መለስኩት። በውስጡ የቢውን ክር ሁለቴ ብቻ እነካለሁ፤ አንደኛው ምት ላይና አምስተኛው ላይ። ዝም ማለቱን ለመልመድ ከዜማው የበለጠ ጊዜ ወሰደብኝ። በእግሬ ጣት እቆጥራለሁ፤ ጭንቅላቴን ብነቀንቅ ሰው ያያል።

የሽኝቱ ቀን ዘነበ። ሐይቁ ዳር ባለች አንዲት የመናፈሻ አዳራሽ ውስጥ ነበርን፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው። ከቤት የቃኘሁት ክራር እዚያ ስደርስ ወርዶ ነበር። ገበቴው ላይ የተወጠረው ቆዳ እርጥበት ሲጠጣ ይላላል፤ ክሮቹም አብረው ይወርዳሉ። ክረምት ላይ የምትጫወቱ ከሆነ ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት በፊት ቦታው ላይ ድረሱና ክራሩን ከቦርሳው አውጡት፤ አየሩን ይልመድ። እኔ 10 ደቂቃ ነበረኝ። የቢው ክር ሙሉ በሙሉ አልመጣልኝም፤ ትንሽ ዝቅ እንዳለ ቀረ። ስለዚህ ሌሎቹንም አብሬ ዝቅ አድርጌ ተከተልኩት። ለሰሚው ምንም ልዩነት የለውም። ለእኔ እንዲያውም ላይኛው ኖታ ቀለለኝ።

ዘፈንኩት። የመጀመሪያው 8 ምት ላይ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ሁለተኛው ላይም እንደዚያው። የራሴን ስንኞች ስደርስ ጓደኛዬ ቀና ብላ አየችኝ፤ በዘፈኑ ውስጥ እንዳልነበሩ ታውቃለች። እዚያ ላይ 8 ብዬ ቆጥሬ ስጨርስ መጀመር አልቻልኩም። 16 ቆጠርኩ። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

ቅጂውን ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ሰምቼዋለሁ። አዝማቹ ላይ ሲ ሻርፑ አሁንም ከታች ይቀራል። ስንኙ ከማለቁ በፊት ትንፋሼን ስለምለቅ ነው። በዚህ ሳምንት የምሠራው እሱን ነው። ያንን 16 ምት ግን እንዳለ ይቆያል።