መቶ ዩዋን ይዤ ተራብኩ

ዛሬ ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ ሻዎቤይ ሰፈር ዋጋ ስከራከር ዋልኩ። ከባለሱቋ ጋር ቋንቋችን ካልኩሌተር ነው። እሷ 85 ትጽፋለች፣ እኔ አጥፍቼ 40። ጫማው 52 ላይ አለቀ።

ማታ 600 ሜትሩን የካንቶን ታወር ከወንዙ ማዶ ሆኜ ሳይ የስኳር ድንች ጥብስ ሸተተኝ። ለምትሸጠው እናት 100 ዩዋን ዘረጋሁ። ዝርዝር የላትም። አንገቷ ላይ በክር ያንጠለጠለችውን፣ በስልክ ተነስቶ የሚከፈልበትን ኪውአር ኮድ አሳየችኝ። በላስቲክ ተለብጧል፣ ጠርዙ በከሰል ጠቁሯል። ስልኬ ደግሞ ባትሪ ጨርሷል! ምልክት በምልክት አስረዳኋት። ሳቀች። አንዷን መርጣ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝና በእጇ «ሂጂ ሂጂ» አለችኝ።

የሰፈራችን በቆሎ ጠባሽ ትዝ አለችኝ። «ነገ ትሰጫለሽ» ስትል እንዲሁ ነው። ብሩ ስልክ ውስጥ ገባ እንጂ ዱቤ አሁንም ፊት አይቶ ነው መሰለኝ።

ነገ እዚያው እሄዳለሁ። ስልኬ ቻርጅ ላይ ነው።